«መታጠፊያው ላይ አለች» በሏቸው

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቆቼ፣ ባልደረቦቼ፣

ይህን አዳራሽ ጠርጋችሁ፣ ወንበሩን ከፈተና ክፍል ተሸክማችሁ አምጥታችሁ፣ ሻዩን አፍልታችሁ፣ እኔን በጡረታ ልትሸኙ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አዘጋጆቹን በተለይ አመሰግናለሁ። ዛሬ ረፋዱ ላይ ደውዬ «የሹፌሮች ማኅበር ሰዎችን ጠርታችሁ ከሆነ ይቅርታ ጠይቃችሁ አስቀሩልኝ» ስላቸው፣ ለምን ብለው አልጠየቁኝም። አሮጊቷ ዛሬም ከሹፌር ተጣልታ ነው ብለው ይሆናል። አልተጣላሁም። ምክንያቱን ሳልነግራችሁ ከዚህ አልወርድም። የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር፣ አንተ ምን ያስነሳሃል፣ ተቀመጥ። አንተ የቤት ልጅ ነህ።

ረጅም አላወራም። ግድግዳው ላይ ይህ ሁሉ የመንገድ ምልክት ተለጥፎ ሳለ፣ እኔን «መቆም ክልክል ነው» ከሚለው ሥር ያቆማችሁኝ ሆን ብላችሁ እንደሆነ ገብቶኛል።

ብዙዎቻችሁ ትክክለኛ ስሜን አታውቁትም፤ አልቀየማችሁም። ሹፌሮች «እትዬ ቀስ» ብለው ካወጡልኝ ወዲህ እቤቴም ሳይቀር ሌላ ስም የለኝም። ልጄ ትንሽ ሆና፣ ምግቧን ስትጎርስ ቀስ በይ ስላት «እሺ እትዬ ቀስ» ብላኝ አባቷ ውሃ ትን ብሎት ነበር። ስሙ ሲወጣልኝ ለፍቅር አልነበረም። በትራፊክነቴ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ፣ መዳፌን ወደ መሬት ዘርግቼ «ቀስ፣ ቀስ» ስል ስለምውል በንዴት ያወጡልኝ ነው። ሲቆይ ግን ወደድኩት።

ከፊት ወንበር የተቀመጠውን ሰውዬ የማታውቁት ካላችሁ ላስተዋውቃችሁ። ከእኔ ቀድሞ ጡረታ የወጣው የሥራ ጓደኛዬ ነው። ፊሽካ እንለዋለን፤ ሲነፋ ከተማው ማዶ ድረስ ይሰማ ነበርና። አሁን ጆሮው ትንሽ ስለደከመ ጮክ ብዬ የማወራው ለእሱ ነው፣ ተቆጥቼ አይደለም።

ፊሽካ ትዕግሥት ያለው ሰው ነው። የመቀመጫ ቀበቶ ግዴታ የሆነ ሰሞን ሹፌሩ ሁሉ እኛን ሲያይ ቀበቶውን ሳብ አድርጎ ደረቱ ላይ በእጁ ይይዘዋል። አይቆልፈውም። እኛን አለፍ ሲል ይለቀዋል። ፊሽካ አስቁሞት፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ ደገፍ አድርጎ ስለ አየሩ ያወራዋል። ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ይጠይቀዋል። ስለ ጎማው ይመክረዋል። የሹፌሩ እጅ መዛል ሲጀምር «በል እስቲ መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ፤ በሁለት እጅህ ስጠኝ እንጂ፣ እኔ እኮ ታላቅህ ነኝ» ይለዋል። ያን ጊዜ ቀበቶው ሾልኮ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ባለ ሞተሩ ደግሞ ሄልሜቱን ክርኑ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። «ልጄ፣ አእምሮህ ያለው እዚያ ነው?» ስለው ያኮርፋል። ትልቅ መኪና የያዘው «ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?» ይለኛል። «አላውቅህም። እዚህ መንገድ ላይ በስም የማውቃቸው አደጋ የደረሰባቸውን ነው። አንተን ባላውቅህ ይሻለኛል» እለዋለሁ። አንዳንዱ ሲገባው ይቅርታ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ እንደተናደደ ይሄዳል። ተናድዶም ቢሆን ቀስ ብሎ ከሄደ ግድ የለኝም።

ሳቁ፣ ይገባል። እኛም ስቀናል። ሁልጊዜ ግን አልሳቅንም።

መታጠፊያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከድንጋይ መፍጫው አለፍ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ዓለቱን ታክኮ የሚዞረው ነው። በአንድ ወገን ዓለት፣ በሌላው ገደል። ከላይ የሚመጣው ከታች የሚመጣውን አያየውም። ፊሽካና እኔ ወደዚያ ከመመደባችን በፊት አንድ ጠዋት አንድ አውቶቡስ እዚያ መንገድ ስቶ ወጣ። ዝርዝሩን አልነግራችሁም። የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልነበራችሁ ደግሞ ባታውቁት ይሻላል። ሹፌሩ አልጠጣም ነበር። ፍሬኑም አልተበጠሰም። ፈጥኖ ነበር፣ በቃ ይኸው ነው።

ከተረፉት ተሳፋሪዎች አንዷን ሆስፒታል ሄጄ ቃሏን ስቀበል፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፈርቶ እንደነበር ነገረችኝ። ዕቃቸውን ጨብጠው፣ የፊት ወንበሩን ይዘው፣ እርስ በርስ እየተያዩ ነበር አለችኝ።

«ታዲያ ሹፌሩን ቀስ በል ያለው የለም?» አልኳት።

«የለም።»

«አንቺስ?»

«አፍሬ ነው» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ዝም ሲል እኔ ብቻዬን ፈሪ እንዳልባል አፍሬ ነው።»

ሰው ከሞት ይልቅ ሐፍረትን እንደሚፈራ ያኔ ነው የገባኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ለአንደኛው ሟች ቤተሰብ የመንገሩ ተራ የእኔና የፊሽካ ሆነ። አዲሶቹ፣ ይህ ሥራ ለእናንተም ይደርሳችኋልና ስሙኝ። በር አንኳኳን። የከፈተችልን ሴት የባሏን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር፤ የሸሚዙ አንድ እጅጌ ክንዷ ላይ ነበር። ከቤት የተተኮሰ ጨርቅ ይሸታል። ዩኒፎርማችንን ስታይ አልደነገጠችም። ለሥራ ጉዳይ እሱን ፈልገን የመጣን መሰላት።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አለችን። «አሁን ይመጣል።»

ወንበር ሳበችልን። ተቀመጥን። ከተማው ማዶ የሚሰማው ሰውዬ ድምፁ ጠፋ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያገላብጠዋል። እሷ እንግዳ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ ብላ ታጫውተናለች። በየመሀሉ በሩን እያየች «አሁን ይመጣል» ትላለች። የነገርኳት እኔ ነኝ። እንዴት ብዬ እንደነገርኳት አላስታውስም፤ ካውያውን ከሶኬቱ የነቀለው ፊሽካ እንደሆነ ብቻ አስታውሳለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው «አሁን ይመጣል» ሲል በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል።

በማግሥቱ እኛው ራሳችን ጠይቀን ወደ መታጠፊያው ተመደብን።

ያን ጊዜ ሥራ የሚመስለን መደበቅ ነበር። ሁሉም ትራፊክ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከዓለቱ ጀርባ እንሸሸጋለን፣ የፈጠነውን እንይዛለን፣ ክስ እንጽፋለን። ምን ዋጋ አለው? አንዱን ከያዝን በኋላ የሚያልፈው ሹፌር ሁሉ፣ ከፊት ለሚመጣው መብራቱን ብልጭ ያደርግለታል። ትራፊክ አለ፣ ተጠንቀቅ ማለቱ ነው። ያኛው እግሩን ከነዳጅ አንስቶ፣ ሙሽራ እንደጫነ መኪና ተረጋግቶ ያልፈናል። አንዳንዱ እንደውም እጁን አንስቶ ሰላም ይለናል። እኛ ከዓለቱ ጀርባ ሆነን በንዴት እንጨሳለን።

ሲብስብን መብራት የሚያበሩትን መክሰስ ጀመርን።

«ለምን አበራህ?»

«እትዬ፣ የዝናብ መጥረጊያውን የነካሁ መስሎኝ ነው።» ሰማዩ ጥርት ብሎ እኮ ነው።

«አንተስ ለምን አበራህ?»

«ወንድሜ ነው። ሰላም ልለው ብዬ ነው።»

«ከኋላው ለመጣውስ?»

«እሱም ወንድሜ ነው።»

«ለሦስተኛውስ?»

«እትዬ፣ ቤተሰባችን ሰፊ ነው።»

ይህን ሰው ምን ብዬ ልክሰሰው? ለቀቅኩት።

አንድ ቀን ፊሽካ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚያልፉትን መኪኖች ሲያያቸው ቆየና «አንቺ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ሥራችንን እየሠሩልን ነው» አለኝ።

«ምኑን ነው የሚሠሩልን? እያሾፉብን ነው እንጂ።»

«እዚህ የመጣነው ምን ፈልገን ነበር? ቀስ እንዲሉ። ይኸው ሁሉም ቀስ እያሉ ነው። እና ያስኮረፈን ምንድን ነው?»

መጀመሪያ ሰደብኩት። ፊሽካ፣ ሰድቤህ ነበር አይደል? ይኸው፣ ራሱን እየነቀነቀ ነው፣ ይህችን ሰምቷታል። ከዚያ ግን እኔም ማየት ጀመርኩ። አንዱ ያበራል፣ ሌላው ቀስ ይላል። ያም በተራው ያበራል። የምንይዘው ሰው ጠፍቷል፣ የሚፈጥንም ሰው የለም። በማግሥቱ ከዓለቱ ጀርባ ወጣን። አንጸባራቂ ሰደርያችንን ለብሰን፣ ከሩቅ በምንታይበት ቦታ፣ መንገዱ ዳር ቆምን። መብራት ማብራትን መክሰስ ተውን። እንደውም አንዱ ሳያበራ ሲያልፍ ፊሽካ አስቁሞ «ምነው፣ ከወንድሞችህ ጋር ተኳረፍክ?» ይለው ጀመር።

የዚያን ጊዜው አዛዣችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመታጠፊያው የሚመጣው ክስ ሲጠፋባቸው ቢሮ አስጠሩኝ።

«እናንተ እዚያ ሥራ አቁማችኋል?»

«አዎ ጌታዬ» አልኳቸው። «አምቡላንሱም አቁሟል።»

መነጽራቸውን አውልቀው «ሂጂ ወደ ሥራሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ክስ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ያቺ «አፍሬ ነው» ያለችኝ ሴት ግን ከአእምሮዬ አልወጣችም። ስለዚህ ወደ መታጠፊያው ከመውረዴ በፊት ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ መግባት ጀመርኩ። ሊነሳ የተዘጋጀ አውቶቡስ ላይ እወጣለሁ። ንግግር አላደርግም፤ በዚያ ሰዓት ንግግር የሚሰማ ተሳፋሪ የለም። ተሳፋሪውን በሙሉ፣ ሹፌሩ እየሰማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጮክ ብለው «ሹፌር፣ ቀስ በል» አስብላቸዋለሁ። አፋቸው እንዲለምደው ነው። አንድ ጊዜ አብሮ ያለ ሰው መንገድ ላይ ብቻውን ለማለት ያን ያህል አያፍርም። ሹፌሮቹ ደማቸው ይፈላል። «እትዬ፣ ገና ሞተር ሳላስነሳ ቀስ በል እባላለሁ እንዴ?» ይለኛል አንዱ። ተሳፋሪው ይስቃል። ከሳቀ ደግሞ አይረሳውም።

አንድ ሹፌር ክስ ይዞ መጥቶብኛል። «አንዲት እናት አሳፍሬ ነበር» አለኝ። «መንገዱን ሙሉ ቀስ በል ሲሉኝ ቆዩ። ነዳጅ ልሞላ ቆሜ እንኳ ቀስ በል አሉኝ።» ሴትየዋን ባገኛት እስማታለሁ።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ።

ባለፈው ሳምንት አዛዣችን አስጠርተውኝ፣ የመታጠፊያው ምድብ ከእኔ ጋር እንደሚያበቃ ነገሩኝ። በእኔ ቦታ የሚተካ ሰው አይኖርም። አልደብቃችሁም፣ በጣም ተናድጄ ነበር። እሳቸው ደግሞ አልተቆጡኝም፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«እትዬ፣ ሰው የለኝም» አሉኝ። «አዲሱ ገበያ በር ላይ በየጊዜው እግረኛ እየተገጨብኝ ነው። መታጠፊያው ላይ ግን አደጋ የሚባል ነገር ካየን ቆይቷል። አደጋ ከሌለበት ቦታ ሰው አንስቼ አደጋ ያለበት ቦታ ባቆም ምን አጠፋሁ?»

«አደጋ የሌለው እኛ ስላለን ነው» አልኳቸው።

«ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። በምን ያውቃሉ?»

የሥራችን ክፋቱ ይህ ነው። ሐኪም ያዳነውን ሰው ያውቀዋል። መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላም ይለዋል፣ ያመሰግነዋል። እኛ ያዳንነውን ሰው አናውቀውም። እሱም መዳኑን አያውቅም። ቤቱ ይገባል፣ እራቱን ይበላል፣ ከሚስቱ ጋር ስለ ሆነ ባልሆነው ይጨቃጨቃል፣ ይተኛል። እኛ የሠራነው ሥራ ያ ጭቅጭቅ ነው። እሱን ደግሞ በምን ማስረጃ አሳያለሁ? ከቢሯቸው ወጣሁ።

ለእኔ ደግሞ ነገሩ የሥራ ብቻ አይደለም። ልጄ ከመታጠፊያው ማዶ ባለው ሆስፒታል ነርስ ናት። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ በፊቴ ታልፍ ነበር። በመስኮት እጇን ታውለበልብልኛለች፣ እኔም ሥራ ላይ ነኝ ብዬ የማላያት እመስላለሁ፣ ግን አያታለሁ። ሰኞ ዕለት ምድቡ ተነሳ። መታጠፊያው ላይ ማንም የለም። በዚያው ሰኞ ልጄ «ሹፌራችን ተቀየረ፣ አዲስ ልጅ ነው» አለችኝ። ለመንገዱም አዲስ ነው።

የዚህን ሳምንት ጠዋቶች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ስልኬን ይዤ በረንዳ ላይ እቆማለሁ። ድንጋይ መፍጫው ጋ ደረሳችሁ? አለፋችሁ? ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው? «እማዬ» አለችኝ፣ «ሹፌሩ እየነዳ ስልክ አያወራም፣ ግን ከአንቺ የተነሳ ተሳፋሪው በሙሉ የእኔን ወሬ ነው የሚሰማው።» ረቡዕ ማታ ዘገየች። ባለቤቴ ሊያጽናናኝ ብሎ ከመኝታ ክፍል «አሁን ትመጣለች» አለኝ። ጮህኩበት። ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ነግሬው አላውቅማ። ዛሬ ይኸው፣ ከኋላ ተቀምጦ እየሰማኝ ነው። ይቅር በለኝ።

ለዛሬ የጻፍኩት ንግግር ከዚህ የተለየ ነበር። አዛዣችንን በእናንተ ፊት ልሞግታቸው ነበር። ምድቡን መልሱልኝ ብዬ አልቅሼ ላስለቅሳችሁ ነበር ያሰብኩት። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ እዚያው ይቅር። ዛሬ ጠዋት ያየሁት ነገር ሐሳቤን ለወጠው።

ከልጄ ጋር ሄጄ በዓይኔ ልየው ብዬ ተነሳሁ። ዩኒፎርም የለኝም። ቀሚስ ለብሼ፣ ሻሽ አስሬ፣ እንደ ማንኛዋም እናት ሆኜ ነው የወጣሁት። ልጄ ገና ሚኒባሱ ውስጥ ሳንገባ «እማዬ፣ ዛሬ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» ብላ አስጠነቀቀችኝ፤ እሺ አልኳት። ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥን። ሹፌሩ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ ነው። አላወቀኝም።

ቁልቁለቱን ሲጀምር መኪናው ፈጠነ። ወንበሩን ያዝኩ። «ቀስ በል» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደረሰ፣ አልወጣም። ሰውን ሁሉ በየአውቶቡሱ እየዞርኩ ያስተማርኩ ሴትዮ እኮ ነኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እንቅልፉን ይተኛል፣ ሌላው ጋዜጣ ያነባል፣ ልጄ ደግሞ ተማጽናኛለች። ለካ እውነትም ያሳፍራል።

ድንጋይ መፍጫውን አለፍን። ከመታጠፊያው የውሃ ቦቴ ብቅ አለና መብራቱን ብልጭ ብልጭ አደረገ። የእኛ ሹፌር እግሩን ከነዳጅ አነሳ። ማርሽ ቀነሰ። መኪናው ተረጋጋ፣ ቀኙን ይዞ፣ ቀስ ብሎ ዓለቱን ዞረ። አንገቴን አስግጌ የመንገዱን ዳር አየሁ። ማንም የለም። የምንቀመጥባት ድንጋይ ባዶዋን አለች።

ቃሌን አጠፍኩ። «ልጄ፣ ያ ቦቴ ለምን አበራልህ?» አልኩት።

«ትራፊክ አለ ማለቱ ነው ማዘር።»

«የለም እኮ።»

«ሰሞኑን አይታይም።» ይህን ብሎ ሳይጨርስ፣ ከፊት ለሚመጣው መኪና እሱም ብልጭ አደረገለት።

«አሁን አንተስ ለምን አበራህ? እንደሌለ እያየህ?»

በመስተዋቱ አየኝ። ይህች ሴትዮ ምን ሆነች እንደማለት ነው።

«ማዘር፣ እዚህ ጋ ሁሌም ይበራል» አለኝ። «መንዳት ያስተማረኝ አጎቴ፣ እዚህ ደርሰህ ካላበራህ ሹፌር ነኝ እንዳትል ብሎኛል። እትዬ ቀስ የምትባል ክፉ ትራፊክ አለች ይላሉ። ዓለቱ ጀርባ ትሁን ዛፍ ላይ አይታወቅም።»

«አይተሃት ታውቃለህ?»

«እኔ ወደዚህ መስመር የገባሁት በዚህ ሳምንት ነው፣ አላየኋትም። ግን ዛሬ የለችም ብሎ ማን ይሞክራል?»

ልጄ ጎኔን ጎነተለችኝ። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣብኝ። ረዳቱ «ማዘር፣ ምነው?» ሲለኝ «አቧራ ነው» አልኩት። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ክቡር አዛዥ፣ በምን ያውቃሉ ብለውኝ ነበር። ይኸው፣ በዚህ አወቅኩ። እኛ የለንም፣ መብራቱ አለ። አጎት የወንድሙን ልጅ ያስተምረዋል፣ ቦቴው ለሚኒባሱ ይነግረዋል። እዚያ ቆመን የባጀነው በከንቱ አልነበረም። እርስዎም ያጠፉት ነገር የለም። ገበያው በር ላይ የሚሻገረው እግረኛም የሰው ልጅ ነው፣ ያለዎትን ሰው እዚያ ያቁሙ።

ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ያ መብራት የሚኖረው በወሬ ነው። ሹፌሮቹ ለረጅም ጊዜ ማንንም ካላዩ፣ አንዱ አንድ ቀን «ተዉት፣ ማንም የለም» ይላል። ያንን የሰማ አያበራም። ያልበራለት ቀስ አይልም። ከዚያ ደግሞ ከእናንተ አንዳችሁ የሰው በር ታንኳኳላችሁ። ስለዚህ ቀኑን ሳታሳውቁ፣ አልፎ አልፎ፣ አንድ ጠዋት እንኳ አንድ ሰው ይቁምበት። ሳይደበቅ፣ ከሩቅ እየታየ። ሰደርያዬን ዛሬ ተረኛ ክፍል በር ጀርባ ሰቅዬዋለሁ። ወደዚያ የሚወርድ ሰው እሱን ይልበስ። ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል፣ ስሙ እንዲቀጥል።

ይኸው፣ አዛዣችን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁላችሁም ምስክር ናችሁ። ፊሽካ፣ አየህ አይደል? ጆሮህ ነው የደከመው፣ ዓይንህ ደህና ነው።

አሁን የሹፌሮቹን ምክንያት ልንገራችሁ። ወድጄ አይደለም ያስቀረኋቸው። ስሰናበት ባገኛቸው፣ ከሁሉም ጋር ታርቄ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጡረታ መውጣቴን እንዲያውቁ አልፈልግም። አንዳቸውም። «እትዬ ቀስ የት ገባች?» ብለው ሲጠይቋችሁ «መታጠፊያው ላይ አለች» በሏቸው። አሁን አየኋት በሏቸው። ሕግ አስከባሪ አይዋሽም የምትሉ ካላችሁ ደግሞ፣ አታስቡ፣ እንዳትዋሹ አንዳንድ ጠዋት ወርጄ ድንጋዬ ላይ እቀመጥላችኋለሁ። ጡረተኛ ድንጋይ ላይ እንዳይቀመጥ የሚከለክል ሕግ የለም፣ ካለም ከሳሹ ከእናንተ መሀል ነው የሚሆነው።

የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር፣ አደራ፣ አንተም ጭምር።

በሉ እንግዲህ ልመርቃችሁ። በዝናብና በፀሐይ የምትቆሙበት እግራችሁ አይዛል። የምታስቆሙት መኪና ሁሉ በሰላም የሚቆም ይሁን። ክስ የምትጽፉበት እጃችሁ ሥራ ይፍታ፣ አምቡላንሱም እንደቆመ ይዋል። መርዶ ይዛችሁ የሰው በር ከማንኳኳት ፈጣሪ ይሰውራችሁ፤ ግድ ከሆነ ደግሞ አንደበቱን ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ በሄዱበት መንገድ የሚያበራላቸው አይጡ።

ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ እያንዳንዳችሁን እቤት የሚጠብቅ ሰው አለ። ያቺ ሸሚዝ ስትተኩስ ያገኘናት ሴት እስካሁን ከልቤ አልወጣችም፣ ወደፊትም አትወጣም። የእናንተ ሰው በሩን በሩን እያየ «አሁን ይመጣል፣ አሁን ትመጣለች» ሲል፣ ያለው ይሁንለት።

ቀስ ብላችሁ ግቡ።